ቅጣትና ኃላፊነት በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፦ የዶን ሄሊሰን መጽሐፍ ሲመዘን

በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሥነ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በፊሽካና በቅጣት ነው። ያረፈደ ተማሪ ሜዳውን ይዞራል፤ ከጓደኛው የተጣላ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ የስፖርት ልብስ ያልያዘ ከዳር ይንበረከካል። በዚህ ዘዴ ለጊዜው ጸጥታ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን መምህሩ ሩጫ ለጤና እንደሚበጅ አስተምሮ ሲያበቃ ያንኑ ሩጫ መቅጫ ሲያደርገው፣ የትምህርቱን ዓላማ በገዛ እጁ ያፈርሳል። ከዚህም ሌላ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ጉዳዩ የማስተማሪያ ዘዴ ምርጫ ብቻ ሆኖ አይታይም።

ይህን ችግር ከሥሩ ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ የአሜሪካዊው ምሁር የዶን ሄሊሰን መጽሐፍ ነው። በቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሄሊሰን፣ ከተቸገሩ ሰፈሮች ወጣቶች ጋር ለረዥም ዘመን ሲሠሩ ያካበቱትን ልምድ በ1995 እ.ኤ.አ. «ኃላፊነትን በአካል እንቅስቃሴ ማስተማር» በሚል ርእስ አሳትመውታል፤ ሦስተኛው እትም በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር አምስት ግቦች ናቸው። እነዚህም የሌላውን መብትና ስሜት ማክበር፣ መጣርና መተባበር፣ ራስን መምራት፣ ሌላውን መርዳት፣ በመጨረሻም ይህንኑ ጠባይ ከሜዳው ውጭ በቤትና በሰፈር ማሳየት ናቸው። በደራሲው አመለካከት ሥርዓት መምህሩ ከላይ የሚጭነው ሳይሆን ተማሪው ቀስ በቀስ የሚረከበው ኃላፊነት ነው።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ይህን አሳብ በምኞት አለመተዉ ነው። ትምህርቱ ስለ ዕለቱ ግብ በሚደረግ አጭር ንግግር ይከፈታል፤ በመዝጊያው ተማሪዎች አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች በማመልከት የራሳቸውን ጠባይ ይመዝናሉ። የተጣሉ ሁለት ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ጉዳያቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ። ይህ አሠራር ጠብን በሽምግልና ማብረድ ለለመደ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ሽማግሌዎቹ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያለ ትችት የሚቀበሉት አይደለም። አንደኛ፣ ደራሲው ዘዴውን ያዳበሩት በአመዛኙ በአነስተኛ ቡድኖች ነው። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር መወያየትን የሚጠይቅ አሠራር፣ ሰባ ተማሪዎችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይዞ ሜዳ ለሚወጣ መምህር እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛ፣ ግቦቹ በቁጥር መደርደራቸው ለስሕተት ያጋልጣል። መምህሩ ልጁን «አንተ ገና አንደኛው ደረጃ ላይ ነህ» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ከጠራው፣ ለራስ ምዘና የታሰበው መሰላል አዲስ የማዋረጃ መሣሪያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። መጽሐፉ ትኩረቱን በተማሪው ጠባይ ላይ ሲያደርግ፣ ጠባዩን የሚያበላሸው የትምህርቱ አደረጃጀት ሊሆን እንደሚችል የሚገባውን ያህል አያጎላም። ጄኮብ ኩኒን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሥርዓት ያለው ክፍልና የሌለው ክፍል የሚለዩት መምህሩ ጥፋትን በሚገሥጽበት መንገድ ሳይሆን ትምህርቱን በሚመራበት ዘዴ ነው። ሰባ ተማሪዎች አንዲት ኳስ ጠብቀው በረዥም ሰልፍ ሲቆሙ መገፋፋት መነሣቱ አያስደንቅም፤ ጥፋቱም የልጆቹ ብቻ አይደለም። ክፍሉ በትናንሽ ቡድኖች ተከፍሎ ከፊሉ በኳስ፣ ከፊሉ በገመድ ዝላይ፣ ከፊሉ ያለ መሣሪያ በሚሠራ ጅምናስቲክ ቢሰማራ፣ ብዙው ቅጣት ምክንያት ያጣል።

እንግዲህ ከመጽሐፉ ሊወሰድ የሚገባው ሙሉው ሥርዓት ሳይሆን መሠረቱ ነው። የመክፈቻው ንግግርና የመዝጊያው ራስን ምዘና ጥቂት ደቂቃ እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም እጩ መምህሩን ስለ ቅጣት ከማስጠንቀቅ አልፈው፣ ብዙ ልጆችን በጥቂት መሣሪያ ያለ ሥራ ፈትነት ማሠማራትን በተግባር ሊያለማምዱት ይገባል። ይህ ካልተደረገ፣ በመጽሐፍ ስለ ኃላፊነት ያነበበው ወጣት መምህር ሜዳ ላይ ሲቸግረው የሚያስታውሰው እርሱ ራሱ ተማሪ ሳለ የተቀጣውን ቅጣት ነው።