ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው

በምርምር መርከብ ላይ ሌት ተቀን የምንለፋው ለቁጥር ነው፤ ለውሃው ሙቀትና ጨዋማነት፣ በውስጡ ለሟሟው ኦክስጅን፣ ለአየሩ ግፊት፣ ለነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ። ቁጥር የሚሰበስበው ግን መርከብ ብቻ አይደለም። ሳተላይቶች የባሕሩን ገጽ ከላይ ይለካሉ፤ አርጎ የሚባሉት ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየ10 ቀኑ ገደማ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ እየወጡ የለኩትን ይልካሉ። ታዲያ ሰው ጭኖ፣ ነዳጅ እያቃጠለ የሚሄድ መርከብ ለምን ያስፈልጋል? ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው ስለሚያስፈልግ ነው እላለሁ።

ዋናው መሣሪያችን ሲቲዲ ይባላል። የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም፣ ሙቀቱንና ግፊቱን የሚለኩ ሴንሰሮች ብረት ላይ ታስረው፣ በዙሪያቸው ኒስኪን የሚባሉ ጠርሙሶች፣ ብዙ ጊዜ 24፣ ከላይም ከታችም አፋቸው ተከፍቶ ይደረደራሉ። በኬብል ተንጠልጥሎ በደቂቃ 60 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሲመለስ በመረጥነው ጥልቀት ሁሉ እያቆምን፣ ከላቦራቶሪው በምንልከው ምልክት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እንዘጋለን።

መርከቡ ላይ ሲያርፍ የእጅ ሥራው ይጀምራል። በመጀመሪያ የላይኛውን የአየር ማስገቢያ ሳልነካ የታችኛውን ቧንቧ እከፍታለሁ። ውሃ ከፈሰሰ ጠርሙሱ በደንብ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ከቁጥሩ ጎን «ያፈሳል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ቀጂዎች በተራ እንሰለፋለን። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው ጋዝ ይቀድማል፣ ጨዋማነት መጨረሻ ይሆናል። ለኦክስጅን ቱቦውን እስከ ብልቃጡ ግርጌ አስገብቼ ውሃውን ቀስ አድርጌ እለቃለሁ፤ ብልቃጡ ሞልቶ ብዙ እስኪፈስም እጠብቃለሁ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካየሁ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አስወጣለሁ፤ ኦክስጅኑ ጥቂት በሆነ ውሃ አንዲት አረፋ ውጤቱን ታዛባለች። የማንጋኒዝና የአዮዳይድ ውህዶች ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው ቡናማ ዝቃጭ ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ተያዘ ማለት ነው። ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ዊንክለር ይህን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የዛሬዎቹ ሴንሰሮች ትክክለኛነት እስከ አሁን የሚፈተሸው በእሱ ነው።

የአየር ሁኔታውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መርከብ ሲጓዝ በራሱ ጉዞ የሚፈጠር ነፋስ አለ፤ የመርከቡ ፍጥነትና አቅጣጫ ተሰልቶ ካልተቀነሰ የተለካው የባሕሩ ነፋስ አይደለም። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ የመርከቡ አካል ይከልለዋል። ስለዚህ ነፋሱ ከየት በኩል እንደመጣብንም እንመዘግባለን።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የ1945 (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ያሳያል። በዚያ ዓመት መገባደጃ የዓለም አማካይ ሙቀት በድንገት 0.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የወረደ መስሎ ተመዝግቧል። ምክንያቱን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ2008 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ልኬቱን በብዛት የወሰዱት የአሜሪካ መርከቦች ነበሩ፤ የሚለኩትም ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚገባውን ውሃ ስለነበር የሞተር ክፍሉ ሙቀት ይጨመርበታል። ጦርነቱ ሲያበቃ የእንግሊዝ መርከቦች ድርሻ ጨመረ። እነሱ በባልዲ ይቀዱ ነበር፤ የባልዲ ውሃ ደግሞ ቴርሞሜትሩ እስኪነበብ በትነት ይቀዘቅዛል። የተለወጠው አለካኩ እንጂ ባሕሩ አልነበረም። መርከበኞቹ ያዩትን በታማኝነት ጽፈዋል፤ በብዙ መዝገቦች ላይ ግን በምን እንደለኩ አልሰፈረም።

0.3 ዲግሪ ለኢትዮጵያዊ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። የኤልኒኖ አንዱ የታወቀ መለያ፣ የመካከለኛው ፓስፊክ ገጽ ከተለመደው በግማሽ ዲግሪ መሞቁ ነው። ኤልኒኖ ሲበረታ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል፤ እ.ኤ.አ. የ2015 ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ያንን ግማሽ ዲግሪ ከሚነግሩን መካከል በፓስፊክ፣ በምድር ወገብ ላይ የተተከሉት ቦያ የሚባሉ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ይገኛሉ፤ የሚተክላቸውም፣ የሚጠግናቸውም መርከብ ነው። የወሎ ገበሬ የሚሰማው የክረምት ትንበያ ከዚያ ልኬት ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ ወደ ሙያው ለሚመጡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው የመዝገቡን የማስታወሻ ዓምድ ነው። የትኛው ሴንሰር እንደለካ፣ መቼ እንደተፈተሸ፣ የት ላይ እንደታሰረ፣ የትኛው ጠርሙስ እንዳፈሰሰ ይጻፍ። የተጠራጠራችሁትን ቁጥር አትሰርዙት፤ ጥርጣሬያችሁን ከጎኑ ጻፉት። ከ50 ዓመት በኋላ ይህን ቁጥር የሚያነሳ ተመራማሪ እኛን አግኝቶ ሊጠይቀን አይችልም። የሚያገኘው የጻፍነውን ብቻ ነው።