አሠራርንና የኮምፒዩተር ሥርዓትን አጣምሮ ስለ መንደፍ፦ በማይክል ሐመር ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጣው ጽሑፍ ዋና መልእክት፣ ያረጀን የሥራ ሂደት እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ከማስገባት ይልቅ ሂደቱን ራሱን አፍርሶ እንደገና ማዋቀር ይገባል የሚል ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» በሚል ስያሜ የተካሄደው እንቅስቃሴ መነሻው ይኸው አስተሳሰብ እንደመሆኑ መጠን፣ ጽሑፉን መመርመር ለመምህሩም ለአስተዳዳሪውም ይጠቅማል።

ደራሲው በምሳሌነት ካቀረባቸው አንዱ የፎርድ ኩባንያ የሰሜን አሜሪካ የተከፋይ ሂሳብ ክፍል ነው። ክፍሉ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኩባንያው በኮምፒዩተር እገዛ ቁጥሩን ወደ 400 ለማውረድ አቅዶ ሳለ፣ ማዝዳ ተመሳሳዩን ሥራ በ5 ሰዎች ብቻ እንደሚያከናውን ተገነዘበ። በፎርድ የግዢ ማዘዣ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነድና የሻጩ ኢንቮይስ በ14 ነጥቦች ይመሳከሩ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ኢንቮይሱ ቀርቶ፣ ዕቃ ተረካቢው የመጣውን ዕቃ በኮምፒዩተር ከተመዘገበው ትእዛዝ ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማ ይረከባል፣ ክፍያውም ይታዘዛል፤ ካልተስማማ ይመልሰዋል። የሚመሳከሩት ነጥቦች 3 ብቻ ሲሆኑ፣ የክፍሉ ሠራተኞች ቁጥር በ75 በመቶ ቀነሰ።

ምሳሌው አሳማኝ ነው፤ ከእርሱ የተገኘው ትምህርት ግን ጎዶሎ ነው። በፎርድ ቁጥጥሩ አልተደመሰሰም፤ ከሂሳብ ክፍል ወደ መረከቢያው በር ተዛወረ እንጂ። ደራሲው ውሳኔ ሥራው በሚሠራበት ስፍራ ይሰጥ ማለቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ቀድሞ ወረቀት ብቻ ይልክ የነበረው ተረካቢ ውሳኔ ሰጪ ይሆን ዘንድ ምን መማር እንደሚገባው አልዘረዘረም። ቶማስ ዳቬንፖርትና ጄምስ ሾርት በዚያው ዓመት፣ አሠራርና ቴክኖሎጂ አንዱ ሌላውን እንደሚቀርጽ አመልክተዋል። ዳቬንፖርት እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ እንቅስቃሴው ሰውን ዘንግቷል ሲል ነቅፏል።

ነቀፌታው ሩቅ አገር ሄዶ የሚታይ አይደለም። አንድ የንብረት ክፍል ሞዴል 19ን ከነፊርማዎቹ በኮምፒዩተር ቢያወጣ፣ የጽሑፉ መልክ ይለወጥ እንደሆነ እንጂ ሥራው አይለወጥም። ፊርማዎቹን ምክንያታቸውን ሳይጠይቅ ቢሰርዝም ለጉድለት በር ይከፍታል። እያንዳንዱ ፊርማ ምን ጥፋት ለመከላከል እንደተጨመረ አብልጦ የሚያውቀው የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ስለሆነም ከንድፉ መጀመሪያ ጀምሮ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጉዳዩ የሥርዓተ ትምህርትም ጉዳይ ነው። የቢሮ አሠራር በአንድ ኮርስ፣ ኮምፒዩተር በሌላ ኮርስ ተነጣጥለው ብቻ የሚሰጡ ከሆነ፣ ተማሪው ሁለቱን አጣምሮ መንደፍን ከየት ይማራል?