መንፈሱ እውነት ቢናገርስ? «ሐምሌት»ን ስናነብ

ሌሊት ዘብ የቆሙ ወታደሮች በቅርቡ የሞተው ንጉሣቸው የጦር ልብሱን ለብሶ ሲመላለስ ያያሉ። ወሬው ለልጁ ለሐምሌት ይደርሰዋል፤ ሄዶም ያየዋል። መንፈሱ የገዛ ወንድሙ እንደ መረዘው፣ ዙፋኑንና ሚስቱንም እንደ ወሰደበት ይነግረውና ተበቀልልኝ ብሎ ያዝዘዋል። የሼክስፒር ተውኔት የሚነሣው ከዚህ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሰው እኛም በቋንቋችን ልናነበው እንችላለን።

«አማኝ ወጣት የጣረ ሞት ታሪክ ምን ይሠራለታል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስም የሳኦልን የዓይንዶር ሌሊት ሳይደብቅ ይተርክልናል (1ኛ ሳሙ. 28)። የታየው ሳሙኤል ነበር ወይስ በሳሙኤል መልክ የመጣ ሌላ መንፈስ? በዚህ ላይ መምህራን ዛሬም በአንድ ቃል አይናገሩም። ስለዚህ ከታሪኩ ከመሸሽ እንዴት እንደምናነበው መማር ይሻላል። በ«ሐምሌት» ፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦ መንፈሱ በእርግጥ አለ? ካለስ ማን ነው? ያዘዘውስ ነገር መልካም ነው?

ሼክስፒር ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰጠናል። በመጀመሪያው ገቢር መንፈሱን ያየው ሐምሌት ብቻ አይደለም፤ ዘበኞቹ አይተውታል፤ ወሬውን አላምንም ብሎ የመጣው የተማረ ወዳጁ ሆሬሽዮም አይቶታል። ቆይቶ ግን መንፈሱ በእናቱ በገርትሩድ ክፍል ሲመጣ የሚያየው ሐምሌት ብቻ ነው። እናቱ ምንም አይታያትም፤ ልጄ አበደ ትላለች። በዚያ ላይ ሐምሌት አስቀድሞ እብድ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ለወዳጆቹ ነግሯቸዋል። ዳዊትም በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት እንዲሁ አድርጎ ነበር (1ኛ ሳሙ. 21)። የዳዊትን ማስመሰል ግን በግልጽ እናውቀዋለን፤ የሐምሌት ማስመሰል የት እንዳበቃና እውነተኛው መታወክ የት እንደ ጀመረ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ እኛን ይበልጥ ይነካናል። ሐምሌት የዊተንበርግ ተማሪ ነው፤ ማርቲን ሉተር በ1517 (እ.ኤ.አ.) የተሐድሶውን ጥያቄ ያነሣባት ከተማ ናት። መንፈሱ ግን ኃጢአቱ እስኪነጻ ድረስ በእሳት እየተቀጣ እንደሚቆይ ይናገራል፤ ይህ ደግሞ ተሐድሶው ያልተቀበለው ትምህርት ነው። የዙሪኩ አገልጋይ ሉድቪግ ላቫተር ስለ መናፍስት መታየት የጻፈው መጽሐፍ በ1572 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ታትሞ ነበር፤ ይህም «ሐምሌት» ከመጻፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የላቫተር አካሄድ ትኩረት የሚስብ ነው። ስለ አጋንንት ከማውራቱ በፊት ኀዘንና ሕመም የሌለውን ነገር ሊያሳይ እንደሚችል፣ ፍርሃት ዓይንን እንደሚያታልል፣ ሰውም ሆን ብሎ ሰውን እንደሚያሞኝ ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው መንፈስ የሙት ነፍስ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜም ክፉ መንፈስ ነው የሚለው። ሐምሌትም ይህን ይፈራል፦ ሰይጣን የአባቴን መልክ ይዞ፣ ኀዘኔን ተጠቅሞ ሊያጠፋኝ ቢሆንስ? ይላል። እንግዲህ መታወክና መንፈስ የግድ አንዱ ሲኖር ሌላው የሚቀር ነገር አይደሉም፤ ክፉ መንፈስ በቆሰለ ልብ በር ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ይፈትነዋል። የአባቱን አሟሟት የሚመስል ተውኔት በንጉሡ ፊት ያሳያል፤ ንጉሡ ደንግጦ ይነሣል። መንፈሱ እውነት ተናግሯል ማለት ነው።

ብዙ አንባቢ ሐምሌትን የሚወቅሰው ዘገየ ብሎ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥፋቱ ምርመራውን በግማሽ ማቆሙ ይመስለኛል። የፈተነው መንፈሱ ስለ ትናንት የተናገረውን ነው፤ ነገ አድርግ ብሎ ያዘዘውን አልፈተነም። ወሬው እውነት ሲሆን ትእዛዙም ጽድቅ መሰለው። ማስረጃው ወዲያው ይከተላል፤ ንጉሡን ተንበርክኮ ለመጸለይ ሲሞክር ያገኘዋል፤ ይተወዋልም። የተወው ራርቶለት አይደለም፤ በጸሎት ላይ ቢሞት ነፍሱ ትድናለች ብሎ ነው። የሰው ነፍስ እንድትጠፋ መመኘት ከየትኛው መንፈስ ነው? ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለውን ፖሎንየስን ማን መሆኑን ሳያይ ይገድለዋል። ተውኔቱ ሲያበቃ ሐምሌትን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ሞተዋል።

መንፈሱ አእምሮህን አታርክስ፣ በእናትህም ላይ ክፉ አታድርግ ብሎት ነበር የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብሎታል። ነገር ግን በቀልን አሸክሞ ንጹሕ ልብ መጠየቅ ከሰል አሸክሞ እጅህ እንዳይጠቁር እንደ ማለት ነው።

ይህ የዴንማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካፋ የኤቆ መንፈስ በሰው አድሮ ይናገራል ሲባል ሰው የሚሄድለት ምስጢሬን ያውቅልኛል ብሎ ነው። ዛሬ ደግሞ በእኛው መካከል «ስምና ስልክ ቁጥሬን ሳልነግረው ነገረኝ» ብለን ቀጥሎ የሚለንን ሁሉ የምንቀበል አለን። በፊልጵስዩስ የነበረችው ገረድ ስለ ጳውሎስ የተናገረችው እውነት ነበር፤ መንፈሷ ግን ከጌታ አልነበረም (ሐዋ. 16)። ዘዳግም 13 ደግሞ ምልክቱ ቢደርስም እንኳ ወዴት እየመራን እንደሆነ እንድንመረምር ያዝዘናል።

አሁን ወደ ኦፊልያ እንምጣ። ሐምሌት እብድ መስሎ ሲታይ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ስለ እርሱ ይመክራል። ኦፊልያ ግን አባቷ ተገድሎባት አእምሮዋ በእውነት ሲታወክ፣ ንጉሡ ተከታትላችሁ ጠብቋት ይላል እንጂ አብሯት የሚቀመጥ አይገኝላትም። ውሃ ውስጥ ሰጥማ ትሞታለች። በቀብሯ ላይ ካህኑ አሟሟቷ ያጠራጥራል ብሎ ሙሉውን ሥርዓት ይከለክላታል። በሕይወት ሳለች ያልጠየቋት ሰዎች ስትሞት ፍርድ ለመስጠት አልዘገዩም።

እዚህ ሺሺንዳ ውስጥ አንዲት የቡድናችን እኅት እንቅልፍ አጥታ ለብቻዋ መናገር ብትጀምር ምን እናደርጋለን? አንዱ «ጋኔን ነው» ይላል፤ ሌላው «በሽታ ብቻ ነው» ብሎ ጸሎትን ይተዋል። ማቴዎስ 4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውንና በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን ለይቶ ይጠራቸዋል፤ ሁሉንም ግን ጌታ ፈወሳቸው። እንግዲህ ስም ለመስጠት አንቸኩል። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ እንውሰዳት፤ የታዘዘላትን መድኃኒት ጣዪ አንበላት፤ አጠገቧ ሆነን እንጸልይ፤ እናቷንም ብቻዋን አንተዋት።

በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባችሁ የንጉሡን የጸሎት ትዕይንትና የኦፊልያን ቀብር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ከዚያ መንፈሱ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ተከራከሩ፤ ክርክሩ መልካም ነው። ሳትበታተኑ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ኦፊልያን ቤቷ ሄዶ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው?