የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሥራና ዝምታ

በአገራችን የሞተን ሹም ማመስገን ወይም መርገም የተለመደ ነው፤ መመርመር ግን እምብዛም አልተለመደም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ባለ ሥልጣኖች ስም በሬዲዮ ሲነበብ እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። ከእነርሱም አንዱ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በሰፈራችን ያለቀሰም ደስ ያለውም ሰው ነበረ፤ «እኚህ ሰው ምን ሠሩ? ምንስ ሳይሠሩ ቀሩ?» ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ ዛሬ ከእናንተ ጋራ ልጠይቅ እወዳለሁ።

አስቀድመን የሚገባቸውን እንስጣቸው። የካህን ልጅ ነበሩ፤ በእስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በፓሪስ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከነጻነት በኋላም ከዐሥር ዓመት በላይ የውጭ ጉዳይን ሥራ መሩ። ኅዳር 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ እንድትሆን ሲወስን፣ ለዚህ ነገር ከደከሙት ሁሉ ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። ከሚያዝያ 1953 እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በውጭ አገር በኃያላን ፊት አንደበታቸው አልተያዘም።

ዳሩ ግን ያ አንደበት በአገር ቤት የት ገባ? በዓለም ፊት የተቀበልነው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ሥልጣን ተሰጣቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን እንደ ቀድሞው የንጉሠ ነገሥቱ ሆኖ ቀረ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በራብ ሲያልቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ መንግሥት ግን ነገሩን መሸፈን መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን እስኪያሳየው ድረስ ዓለም አላወቀውም። በዚያ መካከል በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት ዘመን ምን ሊያደርጉ ይችሉ ኖሯል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ሥልጣናቸውን መልቀቅ ይችሉ ነበር። ለቀቁም፤ የለቀቁት ግን በነገሌ ወታደሩ ካመፀ፣ በአዲስ አበባም አስተማሪውና ባለ ታክሲው ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ያደረጉትን ስለ ወሎ ሕዝብ ብለው ከአንድ ዓመት በፊት አድርገውት ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ዘመን ታሪክ ቢያንስ አንድ የሚመካበት ገጽ ባገኘ ነበር።

የገደሏቸውም ሰዎች ያው ጥፋት አለባቸው። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነገሩ ሲጣራ ሳለ ሰውየውን ከነመልሳቸው ቀበሯቸው። በእስር ቤት የጻፉት ማስታወሻ ከሞታቸው በኋላ ታትሟል፤ ቢሆንም ማስታወሻ የፍርድ ቤትን ቦታ አይተካም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪ ያለ ጥፋቱ እንዲባረር ከበላይ ታዘዘ። አለማጥፋቱን እያወቅሁ በወረቀቱ ላይ ፈረምሁ፤ «እኔ ታዛዥ ነኝ» ብዬም ራሴን አጽናናሁ። የልጁ አባት ከበሩ ላይ ቆመው ሳይናገሩ ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ታናሽ ፊርማ ነበረች፤ በሚኒስትር እጅም በአስተማሪ እጅም የዝምታ ጠባይ ግን አንድ ነው።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለጨዋ ሰው እውነት ነው፤ በሹም ቤት ግን ዝምታም ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም የሚበላው የሌላውን ሰው እህል ነው። እንግዲህ ልጆቼ፤ ነገ ጸሐፊ፣ ዳኛ ወይም ሚኒስትር በሆናችሁ ጊዜ፣ ትምህርታችሁና ታማኝነታችሁ ብቻ እንደማይበቃ ዕወቁ። በእንግዳ ፊት የተናገራችሁበትን ድፍረት በጌታችሁም ፊት አትጡት።