«ቤቴን ሸጬላቸዋለሁ»፦ በቤት ሽያጭ ውል ውስጥ ያለው መሬት

ስለ መሬት ሥሪታችን የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጎራ አይወጣም። አንደኛው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ይላል፤ ሌላው ለገበያ ይለቀቅ ይላል። ሁለቱም ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተነሥተው እዚያው ይመለሳሉ። ገበያው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ተራ የቤት ሽያጭ ውል ውስጥ ሲኖር ዓመታት ቆጥሯል፤ ይህን ውል እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብለን አላነበብነውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ውል ጸሐፊዎች በቃላቸው የሚያውቁት ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ጠቅላላ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ሰፍሮ የሚገኘውን መኖሪያ ቤቴን ወድጄና ፈቅጄ ሸጬላቸዋለሁ።» ተሳቢ አመልካቿ «ን» ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የምታገለግለው ቤቱን ነው። ቦታው «ላይ» በምትል ቃል ተይዞ የቤቱ መገኛ ብቻ ሆኗል። ስፋቱ ግን በቁጥር ሰፍሯል። ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ያልተሸጠው ነገር በካሬ ተለክቶ፣ ተሸጠ የተባለው ሳይገለጽ ያልፋል።

አንድ ዘመዴ ሲገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። የጭቃ ቤቱ ምርጊት ረግፎ ማገሩ ይታያል፤ ቆርቆሮው ዝጓል። ደላላው ሜትሩን ዘርግቶ ከአጥር እስከ አጥር ለካ። ወደ ቤቱ የገባ ሰው አልነበረም። ዘመዴ የጠየቀው ካርታ መኖሩንና መንገድ ይነካው እንደሆነ ብቻ ነው። በወሩ ቤቱ ፈረሰ።

ይህን ማጭበርበር የሚሉት አሉ፤ አልስማማም። ያው አንቀጽ 40 በንዑስ ቁጥር 3 መሬትን አይሸጥም አይለወጥም ብሎ፣ በንዑስ ቁጥር 7 በመሬት ላይ የተገነባን ቋሚ ንብረት መሸጥን ይፈቅዳል። ቤት ደግሞ ከቆመበት ተነጥሎ አይሸጥም። በሁለቱ ንዑስ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ስሙ የማይታወቅ ውል ጸሐፊ ነው፤ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ስለ ንብረት ከተጻፈው ሁሉ የእሱን ዐረፍተ ነገር አስበልጣለሁ። መንግሥትም ይህን ብልሃት ጠንቅቆ ያውቀዋል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታውን ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ የሊዝ መብቱን ያስተላለፈ ሰው የከፈለውን ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ መብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ቦታውን ከቤቱ ለመለየት የተሞከረ ነው፤ ግንባታው ከግማሽ ካለፈ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

የውሉ ብልሃት ከተማው ዳር ሲደርስ ይከዳል። የገበሬው መሬት ላይ የሰፈረው ጤፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ይከፍለው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የበለጠውን ወስዶ በ15 አባዛው። ማባዣው አድጓል፤ የሚቆጠረው ግን ያው እህል ነው። መሬቱ ወደ ሊዝ ጨረታ ሲገባ ተጫራቾች በካሬ ሜትር ዋጋ ይሰጡበታል። መሬት ይሸጥ ከተባለ ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦ ይሰደዳል ሲሉን የኖሩ ምሁራን ይህን ስሌት ሊመለከቱት ይገባል። ሳይሸጥ ተሰዷል። ንብረት ይከበር የሚሉትም ቢሆኑ ስለ ባለሀብቱ የሊዝ ዘመን የጻፉትን ያህል ስለ ገበሬው አልጻፉም።

ሳይፈናቀል ቀድሞ የሸጠም አለ። ከተማው ዳር ከአንድ የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት፣ ባለቤት እጅ ያየሁት ውል ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ሻጩ ገበሬ በጣት አሻራው ፈርሟል፤ ሦስት ምስክሮች አሉበት። ዐረፍተ ነገሩ ያው ነው፤ «መኖሪያ ቤቴን» ይላል። ገዢው እንደነገረኝ ውሉ የተጻፈው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የቤቱ ማገር የተመታው በዚያው ሌሊት ነበር።