ትዝታም ይመረመራል፦ የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾችና «ኤስኬፕ ቱ ቪክቶሪ»

በመጽሐፍና በተውኔት ላይ ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። የእግር ኳስ ወዳጆች ትዝታ ግን ሲሞገስ እንጂ ሲመረመር አናይም። ሆኖም ትዝታ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንደ ማንኛውም ድርሰት ይቀናበራል፤ ዋና ባለታሪክ ይመረጥለታል፣ የማይመቸው ክፍል ይቆረጥለታል። ስለዚህ እንደ ድርሰት ልንመረምረው ይገባል እንላለን። ለንጽጽር እንዲረዳንም አንድ የቆየ ፊልም አብረን እናያለን።

በካርቱም፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ባለው የሐጅ ዩሱፍ ሠፈር ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን የሰማነው የኳስ ወግ ዘወትር የሚጀምረው ከ1954 ዓ.ም. ነው። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ወጋቸውን የሚጀምሩት አገራቸው ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሣችበት ከ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉም ከድሉ ይጀምራል።

በእኛዎቹ ወግ ዋንጫውን ያመጣው መንግሥቱ ወርቁ ነው። መዝገቡ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ታሪክ ይነግረናል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ፍጻሜ ግብፆች ባደዊ ባገባቸው ጎሎች ሁለት ጊዜ መርተዋል። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም ወዲያው ተመልሰው መሩ። መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አስተካከለ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። አራቱን ጎል ያገቡት አራት ሰዎች ናቸው። ይህን መናገር የመንግሥቱን ክብር አይቀንስም፤ የጓደኞቹን ድርሻ ግን ይመልሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ትዝታው የዘለለው ነገር ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው በዚያው በካርቱም፣ በየካቲት 1949 ዓ.ም. ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ነው። ሽንፈቱ የደረሰው ከሐጅ ዩሱፍ ሩቅ ባልሆነ ሜዳ ሆኖ ሳለ በወጉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ነገር ግን የ1949ኙን ሽንፈት ያላወቀ ወጣት የ1954ቱ ድል የቱን ያህል መንገድ ተጉዞ እንደ ተገኘ እንዴት ሊገባው ይችላል?

አሁን ወደ ፊልሙ እንለፍ። በ1981 እ.ኤ.አ. ጆን ሂውስተን ያዘጋጀው «ኤስኬፕ ቱ ቪክቶሪ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ወታደሮች ከጀርመን ቡድን ጋር የሚያደርጉትን ግጥሚያ ያሳያል። ከማይክል ኬይንና ከሲልቬስተር ስታሎን ጎን ፔሌ፣ ቦቢ ሙር፣ አርዲሌስና ዴይና ተሰልፈውበታል። ምርኮኞቹ በእረፍት ሰዓት ሊያመልጡ ሲችሉ፣ 4 ለ 1 እየተመሩም፣ ወደ ሜዳው ይመለሳሉ፤ ፔሌም በመቀስ ምት 4 ለ 4 ያደርገዋል።

የፊልሙ ብርታት ግልጽ ነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ፔሌና ሙር ሲንቀሳቀሱ በዓይን እናያለን። ድክመቱ ደግሞ ምርኮንና ጦርነትን ወደ በዓል መለወጡ ነው። ከፊልሙ ጀርባ ነሐሴ 9 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. በኪየቭ የተደረገው እውነተኛ ግጥሚያ አለ። የከተማይቱ ተጫዋቾች ጀርመኖችን 5 ለ 3 አሸነፉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኋላ ታስረው ተገደሉ። ይሁን እንጂ ስላሸነፉ ብቻ ወዲያው ተረሸኑ የሚለው ወግ በተመራማሪዎች ምርመራ ጸንቶ አልቆመም። እንግዲህ ትዝታ የሚጨምረውና የሚቀንሰው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ትዝታን እንጣለው ማለታችን ነውን? አይደለም። መዝገብ ደቂቃውንና ጎሉን ይነግረናል እንጂ ተመልካቹ በ84ኛው ደቂቃ ምን እንደ ተሰማው አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው በስፍራው የነበረው ሰው ብቻ ነው፤ የእርሱም ዕድሜ እየገፋ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ደግሞ የሐጅ ዩሱፍን ነዋሪዎች በየአቅጣጫው በትኗል። ያልተጻፈ ወግ ከተናጋሪው ጋር ይሰደዳል፤ ከእርሱም ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ እንዲሰጡ እናሳስባለን። ተማሪው በሠፈሩ ያሉ አንድ አረጋዊ ዘንድ ሄዶ ሦስት ጥያቄ በአክብሮት ይጠይቅ፦ በዓይንዎ ያዩት የትኛው ነው? ከሰው የሰሙትስ? ሰዎች ሲያወሩ የሚተዉት የትኛውን ነው? መልሱን ሦስት ቦታ ለይቶ ይጻፍ፤ ከዚያም ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። የታሪክ ትምህርትም የሂስ ትምህርትም ከዚህ ይጀምራል።