ለማሰሪያው የተቆጠበ ትንፋሽ

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው፣ በኋላ መጽሐፉን በዝምታ ሲያነብ እንኳ ጆሮው ላይ የሚመጣበት የወጋየሁ ድምፅ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሳ፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ አሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰው ጉሮሮ አድረው ሳይደባለቁ ይወጣሉ። እኔን በሰማሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ ግን የዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ነው።

አማርኛ ማንን፣ የትንና ለምንን ደርድሮ፣ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ለማሰሪያ አንቀጹ ያቆያል። ትንፋሹን መሀል ላይ የጨረሰ ተዋናይ የሚከዳው እዚያች ቃል ላይ ነው። «አልመጣም»ን ከዋጣት፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች የሰማው ሁሉ ውሉ ይጠፋበታል። ወጋየሁ ማሰሪያውን አይውጥም፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እንኳ ከሥሩ ትንፋሽ አለ።

ከሳንባ የሚወጣው አየር ማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል፤ በወንድ ንግግር በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል። እዚያ የሚፈጠረው እንደ ንብ ያለ እዝዝታ ነው። መልክ የሚሰጡት ጉሮሮ፣ አፍና አፍንጫ ናቸው። ድምፁን የሚያስነሣው ግን ትንፋሹ ስለሆነ፣ የተዋናይ የድምፅ ልምምድ በጀርባ ተኝቶ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ፣ ትከሻ ሳይነሣ ጎድንን በመክፈት ይጀምራል። ቀጥሎ «ስስስ» እያሉ ትንፋሹን ሳይቆራረጥ ማውጣት፣ ከዚያም ከንፈርን ገጥሞ «ምምም» እያሉ ንዝረቱን ፊት ላይ መፈለግ ነው። ጉሮሮውን አንቆ የሚጮህ ተዋናይ ድምፁ ቶሎ ይሰልላል።

የእኛ ቋንቋ ሌላም ሥራ ይጨምራል። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ከ» በሉ፤ ትንፋሹ እጃችሁን ይነካል። ቀጥሎ «ቀ» በሉ። ለ«ቀ» አውታሮቹ ገጥመው ይዘጋሉ፣ ማንቁርትም ከፍ ብሎ የታፈነውን ጥቂት አየር ያፈነዳል፤ የሳንባ ትንፋሽ አይሳተፍበትም። «ጠ»ና «ጨ»ም እንዲሁ ናቸው። ሰነፍ አንደበት ያደበዝዛቸዋል፤ የሠለጠነ ደግሞ ጉሮሮውን ሳያስጨንቅ ጥርት አድርጎ ያወጣቸዋል።

ከሁሉም የረቀቀው ፊደሉ የማይጽፈው መጥበቅና መላላት ነው። «እህል አለ» ጠብቆ ሲነበብ ጎተራው ባዶ አይደለም፤ ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው «እህል» ብሎ ተናገረ። ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚሠራው ተራኪው ነው፤ ያውም ማሰሪያው ላይ፣ ትንፋሹ በሚያልቅበት ቦታ።

ከመጽሐፉ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መርጣችሁ ጮክ ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ አንብቡ። የትኛዋ ቃል ላይ እንዳለቀባችሁ ልብ በሉና ወጋየሁን እንደገና አድምጡ።